ያ ሰውዬ አስራ አንዱን እውነት አሳመናቸው?

ጥያቄውን ያነሣው፦
በፈረንጆች የ1957ቱን «12 አንግሪ ሜን» የሚባል ፊልም ትናንት ማታ እንደገና አየሁት። ላላያችሁት፣ አባቱን በሰንጢ ገድሏል የተባለ ልጅ አለ፤ ጥፋተኛ ከተባለ ሞት ነው። 12 የጁሪ አባላት፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው እንዲፈርዱ የተመረጡ ተራ ሰዎች፣ በር ተዘግቶባቸው ይወስናሉ። 11ዱ «ገድሏል» ሲሉ አንዱ፣ ተዋናዩ ሄንሪ ፎንዳ፣ እስቲ እንነጋገርበት ይላል። ይሄ ማሳመን ነው ወይስ አእምሮ መጠምዘዝ? እኔ ማሳመን ነው ባይ ነኝ። ልጁ ንጹህ ነው ብሎ ድርቅ አላለም፤ «ላይሆን ይችላል» ብቻ ነው ያለው። እልኸኛ ሰው ሳያፍር ከአቋሙ እንዲወርድ የሚያደርገው እንዲህ ያለ አነጋገር ነው።

ሕግ የተማረው፦
አልስማማም ወንድሜ። ሰንጢውን ረሳኸው? የተገደለበት ሰንጢ ልዩ ነው ተብሎ ነበር። ሰውዬው ማታ ልጁ ሰፈር ሄዶ ቁርጥ እሱን የሚመስል በ6 ዶላር ገዛ፣ ኪሱ ከትቶ መጣና ጠረጴዛው ላይ ሰካው። ሁሉም ክው አሉ። ግን የጁሪ አባል በራሱ ምርመራ ማድረግ በአሜሪካ ክልክል ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ሳይሰማ፣ መልስ ሳይሰጥበት የገባ ነገር ነው። ደግሞ ፊልሙ እኛንም እየሠራን ነው። የልጁን የሚያሳዝን ፊት መጀመሪያ ላይ አቅርቦ ያሳየናል፣ የሟቹን አባት ፊት ግን አንዴም አናይም። ታዲያ ለማን እንድናዝን ነው?

ቨርጂኒያ ያለችው፦
እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ጁሪ ሆኜ አውቃለሁ፣ የስርቆት ክስ ነበር። በሩ እንደተዘጋ አንዱ «እጅ እናውጣና እንየው» አለ። እኔ ገና አልወሰንኩም። ግራ ቀኝ ሳይ ሰባት ስምንት እጅ ወጥቷል፣ የኔም ወጣ። ማንም አላስገደደኝም! ፊልሙ ውስጥም ልብ ብላችሁ እዩት፣ የመጀመሪያው ድምፅ ላይ ሌሎቹን አይተው ቀስ ብለው እጃቸውን የሚያነሡ አሉ። በኋላ በብጣሽ ወረቀት በምስጢር ሲሆን ነው ከጁሪዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌው፣ ሐሳቡን የቀየረው፤ ያኔ ደግሞ ሰንጢ እንጂ ሌላ አዲስ ነገር አልመጣም ነበር። አሽ የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ሰዎችን የመስመር ርዝመት እያወዳደሩ እንዲመልሱ በጠየቀበት ሙከራ ያሳየው ይሄንኑ ነው፦ ሁሉም ተስማምተው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ብዙ ሰው አብሮ ይሳሳታል፣ ከመሃላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ከተናገረ ግን የሚከተላቸው በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ እኔ የምለው የመጀመሪያው ድምፅ በወረቀት ይሁን ነው።

ሕግ የተማረው፦
በወረቀቱ እስማማለሁ እህቴ። ግን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ሰዎች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ እንዳገኙት፣ ከ10 ጁሪ በ9ኙ መጀመሪያ ብዙ ድምፅ ያገኘው ወገን ነው የሚያሸንፈው። አንድ ለአስራ አንድ ሆኖ መገልበጥ በፊልም ነው።

ቨርጂኒያ ያለችው፦
ልክ ነህ፣ እኔም ፈርቼ ያወጣሁት እጅ እዚያ ዘጠኙ ውስጥ የሚቆጠር ነው እኮ። የኛ ጁሪ ላይ አንዲት ሴትዮ «የምስክሩን ቃል ደግማችሁ አስረዱኝ፣ አልገባኝም» ባትል ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። ቀጥዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።