የመናፈሻችን ሣር፦ ቅንጨው በርጭት ይጥፋ ወይስ በእጅ ይነቀል?

ውይይቱን የከፈተው፦
ክረምቱ ሲወጣ የሰፈራችን መናፈሻ ፓርቴኒየም በሚባለው በቅንጨ አረም ተወረረ። ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ቅንጨን የማያውቅ ወሎዬ ስለሌለ አልዘረዝረውም። መናፈሻውን የሚያስተዳድረው አካል መርጫ በጀርባቸው ያዘሉ ወጣቶች ልኮ ረፋድ ላይ አስረጨ፤ ከሰዓት በኋላ ልጆች እዚያው ኳስ ሲጫወቱ ዋሉ። ማስታወቂያ አልተለጠፈም፤ ገመድም አልተወጠረም። ቆየት ብሎ በእግር መንገዱ ግራና ቀኝ ሣሩ ራሱ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ከአጥሩ ወዲያ ባሉት ጓሮዎች ደግሞ የቲማቲም ቅጠል ተጠማዘዘ። አሁን ርጭቱ እንዲቀር አቤቱታ የሚያስፈርሙ አሉ፤ «ይቀጥል» የሚሉም አሉ። ሰው በሚቀመጥበት ሣር ላይ ፀረ አረም መረጨት አለበት ወይስ የለበትም? ስድብ ያለበት ጽሑፍ ይነሣል።

ከአጥሩ ሥር የምትኖር እናት፦
እኔ ፈርሜያለሁ። የረጩት ልጆች ጓንት የላቸውም፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም የላቸውም። አንደኛው በሬን አንኳኩቶ የሚታጠብበት ውኃ ለመነኝና ከታጠበ በኋላ በዚያው ጣሳ ጠጣ። የሰው ልጅ ነውና አዘንኩለት። ምን እንደሚረጭ ስጠይቀው «ስሙን አላውቀውም እትዬ፤ ገበሬው ጤፍ ላይ የሚረጨው ነው፣ ምንም አይልም» አለኝ። ለመሆኑ ጤፍ ማሳ ላይ የሚንከባለል ሕፃን አይታችኋል? የእኔ ትንሹ ልጅ ሣሩ ላይ ይንከባለላል፤ ሣር የነካ እጁንም አፉ ውስጥ ይከታል። የዚያን ቀን ዓይኑ ቀልቶ፣ እያሸው ነው ቤት የገባው። ከመድኃኒቱ ነው ብዬ አልምልም፤ አይደለም ብሎ የሚምልልኝ ካለ ግን ይምጣ።

በመናፈሻው ሻይ የሚሸጠው፦
እትዬ፣ ልጅዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ነገር ግን ቅንጨውም ያሳምማል። ባለፈው ዓመት በእጅ ይነቀል ተብሎ የቀን ሠራተኛ ሴቶች ገቡ። በባዶ እጃቸው ነቅለው ክንዳቸው ቆስሎ፣ ፊታቸው አብጦ ወጡ። አስም ያለባቸው ደንበኞቼም አበባው ሲፈነዳ በዚህ በኩል ድርሽ አይሉም። እናንተ አቤቱታ የምታስፈርሙ ሰዎች ለእነዚያ ሴቶች ማን ፈረመላቸው?

የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፦
ሁላችሁም ስለ አንድ መድኃኒት ትከራከራላችሁ፤ ሜዳው ላይ ያለው ምልክት ግን የሁለት ነው። ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው ፀረ አረም ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም እንጂ ሣርን አይገድልም፤ ገበሬው ጤፍና ስንዴ ውስጥ የሚረጨውም በዚህ ምክንያት ነው። ቲማቲም ለእሱ እጅግ ስስ ስለሆነ ነፋስ ያመጣው ጥቂት ብናኝ ቅጠሉን ለማጠማዘዝ ይበቃል። በመንገዱ ዳር ሣሩ ራሱ ከደረቀ ግን እዚያ የተረጨው ሌላ ነው። ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ የሚያደርቀው ግላይፎሴት፣ ብዙዎቻችሁ ራውንድአፕ የምትሉት፣ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መያዣው ይታይ። የዓለም ጤና ድርጅት ቱ-ፎር-ዲን በመካከለኛ መርዛማነት፣ በሁለተኛው ደረጃ፣ ግላይፎሴትን ከዚያ ዝቅ ብሎ በሦስተኛው ደረጃ መድቧቸዋል። መያዣው ላይ ያለው የቀለም መስመር ይህንኑ ለማሳየት የሚደረግ ነው፦ ቀይ ከሁሉም የከፋ፣ ቢጫ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ መጨረሻ አረንጓዴ። መስመሩን ለማንበብ ፊደል መቁጠር እንኳን አያስፈልግም።

ስለ ካንሰር ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ እዚህ ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን «በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው መደበ፤ በዚያው ዓመት ቱ-ፎር-ዲን «ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ዝቅተኛ ምድብ አስገባው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ግን ስለ ግላይፎሴት በዚህ አልተስማሙም፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቃዱን ለ10 ዓመት አድሶታል። የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው የሚመዝነው ነገሩ ካንሰር ማምጣት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው፤ በምን ያህል መጠን፣ ስንት ሰው ላይ የሚለውን አይደለም። ቀይ ሥጋ ከግላይፎሴት ጋር እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥም ገብቷል፤ አቦል ቡና እየፈላ ለምንጠጣ ለእኛ ይህ ደስ የሚል ዜና አይደለም።

እትዬ፣ የልጅዎ ዓይን ጉዳይ መሠረት የሌለው ጥርጣሬ አይደለም። ቱ-ፎር-ዲ ዓይንን ክፉኛ ይቆጠቁጣል። ሳይደርቅ መግባታቸው ጥፋት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ከባለሙያው ጋር በሳይንሱ አልከራከርም። የእኔ ጥያቄ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ፣ ሀድሰን የምትባል የጥቂት ሺህ ሰዎች ከተማ አለች። አንዲት የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሣር ኬሚካል በሕመምተኞቿ ላይ ጉዳት አድርሷል ብላ በከተማው ስብሰባ ሁሉ እየተነሣች ትናገር ነበር። ብዙዎች አሰልቺ አድርገው አዩዋት። ከተማዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ለውበት ብቻ የሚደረግን ርጭት የሚከለክል ደንብ አወጣች። የርጭት ድርጅቶች ከሰሱ፤ ክርክሩ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተማዋ ረታች። ከዚያ ኩቤክ በሙሉ፣ በኋላም ኦንታሪዮ ተከተሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በሕዝብ መናፈሻዎች ላይ መርጨትን አገደች።

እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ደግሞ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ሥራ ላይ እንዳይውል ይከለክላል፤ ፀረ አረምም በዚሁ ውስጥ ይገባል። ስሙን በማያውቅ ልጅ እጅ የተረጨ ነገር መመዝገቡን ማን አጣራ?

የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፦
ጋሼ፣ ምሳሌዎ ጥሩ ነው፤ የተዉት ግን አለ። ኦንታሪዮ ለውበት የሚረጨውን ስትከለክል ለሕዝብ ጤናና ደኅንነት የሚደረገውን ፈቅዳለች፤ ሲነኩት የሚመርዝ ተክልን ማጥፋት ከተፈቀዱት አንዱ ነው። የሀድሰን ሰዎች የተጣሉት በአብዛኛው የሣር ሜዳቸውን መልክ በሚያበላሽ አበባ ምክንያት ነበር። ቅንጨ እንደዚያ አይደለም። ወሎ የገባው በ1977ቱ ድርቅ ከእርዳታ እህል ጋር ሳይሆን እንዳልቀረ ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። አንድ እግሩ ከ10,000 በላይ ዘር ይበትናል፤ ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፤ ቆዳና ሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ባለ ሻይ ቤቱ ነግሯችኋል። ካናዳም ብትሆን ለዚህ ፈቃድ ትሰጥ ነበር።

ከቦርከና ወንዝ ዳር፦
የመናፈሻው ቦይ ወዴት እንደሚፈስ ታውቃላችሁ አይደል? ወደ እኛ ነው። ከታች በዚያ ውኃ ጎመን የሚያጠጣ አለ።

የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፦
ግላይፎሴት አፈር ላይ አጥብቆ ይያዛል። ቱ-ፎር-ዲ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሳይበሰብስ ዝናብ ከመጣ ግን ከውኃው ጋር ይሄዳል። ደመና ባለበት ቀን አይረጭም የምንለው ለዚህ ነው። ቦይ አጠገብም እንዲሁ።

ንብ አርቢው፦
ለእናንተ የደረሰው ማስታወቂያ አልባ ርጭት ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2013 አንበጣ ሲመጣ ከአውሮፕላን ሲረጭ ቀፎ የት እንደሚደበቅ የነገረን አልነበረም። መርጨት ካለባችሁ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ማምሻውን ይሁን፤ አበባ ላይ ግን በጭራሽ። ከዋዜማውም ንገሩን።

ውይይቱን የከፈተው፦
እስካሁን ያልተነሣው ነገር ሣሩ ከተረጨ በኋላ የት እንደሚሄድ ነው። «እስኪደርቅ አይግቡበት» የሚለው የመያዣው መመሪያ የተጻፈው ሣሩ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል ተብሎ ነው። የሀድሰን ሰው ሣሩን ያያል እንጂ ወደ ቤቱ አይወስደውም። እኛ ዘንድ ለመስቀልም ለመውሊድም ልጆች ማጭድ ይዘው ገብተው ያንኑ ሣር ያጭዳሉ፤ በእስር ይሸጣል፤ ሳሎን ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላበታል፣ ሕፃን ይድህበታል። የተረፈው ለበግ ይጣላል። ከመናፈሻው ጀርባ ያሉት የወተት ላም ባለቤቶች ጠዋት ጠዋት በጆንያ እንደሚወስዱም ሁላችንም እናውቃለን። ባለሙያው፣ ለግጦሽ የሚሆን ማስጠንቀቂያ የለም?

የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፦
አለ። ቱ-ፎር-ዲ የተረጨበትን ሣር የወተት ላም ለቀናት እንዳትግጠው፣ ታጭዶም ለከብት እንዳይሰጥ የሚከለክል መመሪያ አለ። ማሳ ላይ ገበሬው ከብቱን ይከለክላል። መናፈሻ ላይ ማን ይከልክል? ይህ ከካንሰሩ ክርክር ይልቅ ያሳስበኛል።

ውይይቱን የከፈተው፦
እንግዲያው የእኔ አቋም ይህ ነው። ሰው በሚቀመጥበትና ሣር በሚታጨድበት መሐል ሜዳ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይረጭ፤ መያዣው አረንጓዴ መስመር ቢኖረውም። እዚያ ያለው ቅንጨ ሳያብብ፣ በጓንትና በቦቲ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ከሥሩ ይነቀል። አጥሩ ሥር ሰው በማይረግጠው ቁጥቋጦ ውስጥ ያለው ብቻ፣ ከቦዩ ርቆ፣ ነፋስ በሌለበት ምሽት፣ አስቀድሞ ተለጥፎና ታጥሮ፣ አረሙ ላይ ብቻ ይረጭ። ጀሪካኑም ተቀዶ ይጣል እንጂ ዘይት መግዣ አይሁን። ይህ ሁለቱንም ወገን እንደማያስደስት አውቃለሁ።

ከአጥሩ ሥር የምትኖር እናት፦
እኔን አላስደሰተም። አጥሩ ሥር የምትለው የእኔ ጓሮ ነው። መያዣውን በዓይኔ ካላየሁ ፊርማዬን አላነሣም። እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ይዘውት ይምጡ።

በመናፈሻው ሻይ የሚሸጠው፦
ለነቃዮቹ ጓንቱን እኔ እገዛለሁ። አቤቱታውን ግን አልፈርምም፤ ሙሉ በሙሉ ይከልከል ስለሚል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩትና አምጡት።

ጡረተኛው መምህር፦
ዓረፍተ ነገሩን ዛሬ ማታ እቀይረዋለሁ። «ያለ ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ግን አይወጣም።

የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ቅንጨ ከበቀለ ከወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ያብባል። የበልጉ ዝናብ በየካቲት ከጣለ መጋቢት ውስጥ አበባ ታያላችሁ። ጓንቱ እስከ ጥር መጨረሻ ይገዛ፤ ሴቶቹም የሚነቅሉት እጅጌው ረጅም ልብስ ለብሰው ይሁን።