የብራትል ስትሪቱን መስታወት ምን ይዞት ነው የማይወድቀው?

ማታ ፈረቃ፦
ሰላም ቤቶች። የምሠራው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሃርቫርድ ስኩዌር አካባቢ ነው። ማታ ስወጣ ሁሌ በብራትል ስትሪት 48 በኩል አልፋለሁ። ድሮ የቤት ዕቃ መሸጫ ነበር አሉኝ። ህንጻው ዙሪያውን መስታወት ነው፣ ግን የመስኮት ፍሬም የሚባል ነገር የለውም። ትናንት ተጠግቼ ሳየው በመስታወቶቹ መሀል ቀጭን መስመርና አለፍ አለፍ ብሎ ትንንሽ ብረት ብቻ ነው ያለው። ይሄ ነገር እንዴት ቆመ?

ሶሌታ፦
ያየኸው ብረት ነው መልሱ። መስታወቱ የተጠናከረ ነው፣ ብረቷ ቆንጥጣ ትይዘዋለች፣ መሀሉን ደግሞ ሲሊኮን ይደፍነዋል፤ ያው መታጠቢያ ቤት የምንለቀልቀው ዓይነት። ህንጻውን የተሸከመው መስታወቱ አይደለም። ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነው የቆሙት፣ የኮንክሪቱ ሶሌታ (የየፎቁ ወለል) ከነሱ አልፎ እንደ መደርደሪያ ወደ ውጪ ይወጣል፣ መስታወቱ የራሱን ክብደትና ነፋሱን ብቻ ነው የሚችለው። የሠራው አርክቴክቱ ቤንጃሚን ቶምፕሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተ። የሚገርመው ሱቁም የራሱ ነበር፤ ዲዛይን ሪሰርች ይባላል፣ በ1953 ነው ያቋቋመው። የፊንላንዱን የማሪሜኮ ጨርቅ አሜሪካ ውስጥ ያስለመደው እሱ ነው። ስለዚህ ጌጥ ምን ያደርግለታል? ጨርቁና ወንበሩ ራሱ የህንጻው ፊት ሆነ።

ብርድ አልወድም፦
ቆንጆ አይደለም አልልም። ግን የቦስተንን ክረምት በዚያ መስታወት ስር ያሳለፈ ሠራተኛ ይጠየቅ። በጋ ላይስ? ያ ሁሉ ጨርቅ ፀሐይ አይበላውም ነበር?

ሶሌታ፦
በሙቀቱና በብርዱ ልክ ነህ፣ ዛሬ እንደዚያ ልሥራ ብትል ፈቃድ የሚሰጥህ አታገኝም። ቶምፕሰንም ብዙ አልተደሰተበትም፤ በ1970 ድርጅቱ ከእጁ ወጣ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ ሱቁም ተዘጋ። ህንጻው ግን ሌላ የቤት ዕቃ ሻጭ፣ ክሬት ኤንድ ባረል፣ ገብቶበት ሠላሳ ዓመት ቆየ። በ2003 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ዕድሜ ለፈተናቸው ሥራዎች የሚሰጠውን ሽልማት ወስዷል።

የቦሌ ልጅ፦
አዲስ አበባም መስታወት ሞልቷል እኮ 😂 ግን የኛ ሰማያዊ መስታወት ብታፈጥበት የምታየው የራስህን ፊት ነው። ያኛው ውስጡን አውጥቶ ያሳያል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ማታ ፈረቃ፦
ዛሬ ኮለኖቹን ፈልጌ አየኋቸው። እውነትም ገባ ብለው ነው የቆሙት፤ ስንት ጊዜ ሳልፍ መስታወቱን ብቻ ሳይ ኖሬ!