«ሃክኒ ዳይመንድስ»፦ የቻርሊ ዋትስን ከበሮ የምለየው በጆሮዬ ነው ወይስ አስቀድሜ ስለማውቅ?

የሸክላ ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2023 ያወጡትን «ሃክኒ ዳይመንድስ» የተሰኘ አልበም ደጋግሜ ሳዳምጥ ቆይቻለሁ፤ ከሌሎች አድማጮች ጋር የማያግባባኝ አንድ ነጥብ ስላለ ሐሳባችሁን ልጠይቅ ወደድሁ። ባንዱ በአዳዲስ የራሱ ድርሰቶች ከቀረበ 18 ዓመት አልፎት ነበር፤ ከ2005ቱ «ኤ ቢገር ባንግ» ወዲህ በ2016 የወጣው «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» የቀደምት የብሉዝ ሰዎችን ዘፈኖች መልሶ የተጫወተበት እንጂ የራሱ ድርሰት አልነበረም። በዚህ መሀል ከ1963 ጀምሮ ከበሮው ላይ የነበረው ቻርሊ ዋትስ ኦገስት 24 ቀን 2021 በ80 ዓመቱ አረፈ። ስለዚህ ብዙዎቻችን አልበሙን የሰማነው በአንድ ጆሯችን የመጣውን፣ በሌላው የጎደለውን እየፈለግን ነው።

አቀባበሉ ለሁለት መከፈሉን ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ ወገን «ከ1981 ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አላወጡም» ሲል፣ ሌላው ወገን ፕሮዲውሰሩ አንድሩ ዋት ሰማንያ ዓመት የሞላቸውንና የተቃረቡትን ሰዎች ድምፅ እንደ ወጣት ፖፕ ዘፋኝ አጥቦና ተኩሶ አቅርቦታል ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አይደለሁም። ከ12ቱ ዘፈኖች በሁለቱ፣ ማለትም በ«ሜስ ኢት አፕ» እና በ«ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ»፣ ቻርሊ በ2019 የቀዳው ከበሮ ይሰማል። የመጨረሻውን «ሮሊንግ ስቶን ብሉዝ» ዘፋኙ ሚክ ጃገርና ጊታሪስቱ ኪት ሪቻርድስ ብቻቸውን ስለተጫወቱት ከበሮ የለውም፤ በቀሩት ላይ የመታው ስቲቭ ጆርዳን ነው። እነዚያ ሁለት ዘፈኖች ሲመጡ አንዳች ነገር ሲላላና ሲወዛወዝ ይሰማኛል። አንድ ወዳጄ ግን «የዘፈኑን መረጃ ባታነብ ኖሮ ይህን ሁሉ አትሰማም ነበር» ብሎ አሾፈብኝ። ከበሮ የምትመቱ ወይም ስቱዲዮ ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ልዩነቱ በእርግጥ በጆሮ የሚያዝ ነገር ነው ወይስ ሐዘኔ የፈጠረው?

ሁለትና አራት፦

ከበሮ መምታት ከጀመርሁ ረዥም ጊዜ ስለሆነኝ፣ የመጀመሪያውን መልስ ለመስጠት ልድፈር። ልዩነቱ አለ፤ የት እንደሚገኝ ካወቁት ደግሞ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉ።

በተለመደው የሮክ አመታት አራት ምት ሲቆጠር ስኔሩ፣ ማለትም ድምፁ ጠንከር ብሎ የሚጮኸው ትንሹ ከበሮ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ይመታል፤ ቀኝ እጅ ደግሞ ሃይሃት በምንለው ጥንድ ሲንባል ላይ ሳያቋርጥ ይመታል። አብዛኞቻችን ስኔሩ ሲመታም ቀኝ እጃችንን ከሃይሃቱ አናነሣም፤ ሁለቱ ድምፆች አብረው ይወድቃሉ። ቻርሊ ዋትስ ግን ስኔሩ በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ አንሥቶ ስኔሩ ብቻውን እንዲሰማ ይተወው ነበር። በድሮ የመድረክ ቪዲዮዎች ላይ ድምፁን ዘግተው እንኳ ቢያዩት፣ በየሁለተኛውና በየአራተኛው ምት ቀኝ እጁ ወደ ላይ ብድግ ሲል ያስተውላሉ። ከዚያ የሚገኘው ውጤት በሃይሃቱ ተርታ ላይ የሚፈጠር ትንሽ ክፍተት ነው፤ እርስዎ «ሲላላ ይሰማኛል» ያሉት ይህ ክፍተት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር በእጁ ሳይሆን በአቀማመጡ ነው፤ ማለቴ በባንዱ ውስጥ ባለው ቦታ። በብዙ ባንዶች ጊታሩ ከበሮውን ይከተላል፤ በስቶንስ ግን ከበሮው የሚከተለው የኪትን ጊታር ስለሆነ፣ ምቱ ከጊታሩ በስተኋላ ለጥቂት ዘግይቶ የሚወድቅ ይመስላል። ዘፈኑ ሊወድቅ ሲል ተይዞ የሚቆም የሚመስለውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ቻርሊ ልቡ ጃዝ ውስጥ የነበረ ሰው ነው፤ ወደ ስቶንስ ከመግባቱ በፊት ከአሌክሲስ ኮርነር ጋር ብሉዝ ኢንኮርፖሬትድ በተባለ ባንድ ተጫውቷል፤ የግራ ዱላውንም የሚይዘው እንደ ጃዝ ከበሮ መቺዎች እጁን ገልብጦ ነበር።

ስለ ጆርዳን ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አንዳንዱ ሰው እንደ ተከራይ ነው የሚያየው። ይህ ሰው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከኪት ጋር በግል ሥራዎቹ የተጫወተ ሲሆን፣ በ2021 ቻርሊ ታምሞ ከባንዱ የኮንሰርት ጉዞ ሲቀር እንዲተካው የጠየቀውም ራሱ ቻርሊ ነው። አመታቱ ከበድ ያለ፣ መሬት የሚይዝ ነው። የቻርሊን እጅ አልቀዳም፤ በእኔ ግምት ያደረገው ትክክለኛውን ነው።

የሚክሲንግ ሠራተኛ፦

ከላይ የተሰጠው መልስ ስለ ሰውየው እጅ እውነት ቢሆንም፣ እጁ ወደ እኛ ጆሮ እስኪደርስ ያለፈበትን መንገድ ይዘላል። አልበሙን ሚክስ ያደረገው፣ ማለትም ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ያዋሐደው፣ ሰርባን ጌኒያ ሲሆን፣ የዘመኑ ታላላቅ የፖፕ ዘፈኖች በእጁ ያለፉ ባለሙያ ነው። በዚህ አሠራር ኮምፕሬሽን የሚባለው ሂደት ከፍ ብሎ የወጣውን ድምፅ ይጫነዋል፤ ከዚያም አጠቃላዩ ሲጎላ ዝቅ ብሎ የነበረው አብሮ ይነሣል። ዘፈኑ በስልክ ድምፅ ማጉያም ሆነ በመኪና ውስጥ ጎልቶ ይሰማል፤ ግን ለስለስ ባለ ምትና በጠንካራ ምት መካከል ያለው ርቀት ይጠብባል። የቻርሊ ጥበብ ደግሞ አብዛኛው የነበረው እዚያ ርቀት ውስጥ ነው! ሃይሃቱ በጠፋበት ክፍተት ውስጥ ጊታሩና የክፍሉ ማስተጋባት ተነሥተው ቦታውን ከሞሉት፣ እጁን ማንሣቱን ማን ይሰማል?

ስለዚህ ጆሮዎን ለመፈተን ከፈለጉ መመዘኛ የሚሆንዎት ይህ አልበም ሳይሆን «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» ነው። እሱ በዲሴምበር 2015 ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ግሮቭ ስቱዲዮ በሦስት ቀን ተቀድቶ ያለቀ ነው፤ ሰዎቹ አብረው ተቀምጠው ስለተጫወቱ የአንዱ መሣሪያ ድምፅ በሌላው ማይክሮፎን ውስጥ ሾልኮ ይገባል፤ ከበሮው ከአንድ ክፍል ጥግ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ «ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ»ን በአንድ ዓይነት የድምፅ መጠን ያዳምጡ። የኋለኛው ፊት ለፊትዎ መጥቶ ይቆማል፤ ስኔሩም አጠገብዎ እንዳለ ነው።

አንድሩ ዋትን ግን የሚሰድቡት ሰዎች ውለታውን ይዘነጋሉ። ዓመታት ሲጎተት የኖረው ሥራ በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ በጥቂት ሳምንታት ተቀድቶ አልቋል፤ ይህን ማስጨረስ የቻለው እሱ ነው። «ባይት ማይ ሄድ ኦፍ» ላይ ፖል ማካርትኒ የሚጫወተውን እንደ መጋዝ የሚፋጭ ቤዝ ስሰማ፣ ሌላ ጠንቃቃ ፕሮዲውሰር ቢሆን ያንን አለዝቦ ባቀረበው ነበር እላለሁ። በነገራችን ላይ የአልበሙ ስም በለንደን የአራዳ ቋንቋ ሌባ መስኮት ሰብሮ ሲሄድ መሬት ላይ የሚቀረውን የመስታወት ስብርባሪ ያመለክታል፤ ድምፁም ልክ እንደዚያ የሚያብለጨልጭና ጠርዙ የሚቆርጥ በመሆኑ ቢያንስ ስሙንና ድምፁን አስማምተዋል።

ዘግይቼ የመጣሁ፦

እኔ ስቶንስን መስማት የጀመርሁት በዚህ አልበም ስለሆነ የማወዳድርበት ትዝታ የለኝም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ጥያቄው ራሱ የገረመኝ። ለእኔ አልበሙ «ስዊት ሳውንድስ ኦፍ ሄቨን» ነው። ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄድ፣ ስቲቪ ዎንደር ከኪቦርዱ ጋር ያለበት፣ ያለቀ መስሎ ከረገበ በኋላ ሌዲ ጋጋና ጃገር እየተቀባበሉ መልሰው የሚያስነሡት ዘፈን ነው። መጀመሪያ ስሰማው አበቃ ብዬ ወደሚቀጥለው ልዘል እጄን ዘርግቼ ነበር፤ የጋጋ ድምፅ ሲመለስ እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። እዚያ ላይ ከበሮውን የሚመታው ጆርዳን ነው፤ ዘፈኑ ከረገበበት ቀስ በቀስ ሲነሣ ከሥር የሚገፋው እሱ ነው። ሙት እየፈለጋችሁ ስታዳምጡ ይህ እንዳያመልጣችሁ እሰጋለሁ።

ካሴት ዘመን፦

«ከ1981 ወዲህ የተሻለ» ስለሚለው አባባል አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ይህ አባባል የቆየ ነው። በ1989 «ስቲል ዊልስ»፣ በ1994 «ቩዱ ላውንጅ»፣ በ2005 «ኤ ቢገር ባንግ» ሲወጡም «ተመለሱ» ተብሎ ነበር። መመዘኛ የሚደረገው የ1981 «ታቱ ዩ» ደግሞ በአብዛኛው ከ1970ዎቹ ቅጂዎች ከተረፉ ቴፖች ተለቃቅሞ የተሠራ ነው። «ስታርት ሚ አፕ» እንኳ በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ ሬጌ ተሞክሮ ወደ ጎን የተጣለ ነበር። ሰው ያንን ሳያውቅ አርባ ዓመት ሙሉ እንደ አዲስና ወጥ ሥራ ሲያደንቀው ኖረ። አሁን ደግሞ በሁለት ዘፈን ላይ የ2019 ከበሮ አለ ሲባል «ተጣጥፎ የተሰፋ ነው» የሚል አድማጭ አያለሁ፤ ፍርዱ ወጥ አይደለም።

የሽልማቱም ነገር ያው ነው። ግራሚ ለምርጥ የሮክ አልበም መስጠት ሲጀምር የመጀመሪያው ተሸላሚ በ1995 «ቩዱ ላውንጅ» ነበር፤ ልክ በ30 ዓመቱ በ2025 «ሃክኒ ዳይመንድስ» ይህንኑ ሽልማት ወሰደ። ዛሬ «ቩዱ ላውንጅ»ን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳምጥ ሰው ስንት ነው? አልበሙን እወደዋለሁ፤ ሆኖም የዚህን ዓይነት ሥራ ዕድሜ የሚወስነው የወጣበት ወር ጭብጨባ ነው ብዬ አላምንም።

የሸክላ ወዳጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ያ ያሾፈብኝ ወዳጄ ራሱ ፈታኝ ሆኖ፣ ጃገር ከማይዘፍንባቸው ቦታዎች እየቆረጠ ስድስት አጫጭር ቁራጮችን፣ ስማቸውን ሳይነግረኝና ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቆ አሰማኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥሁ፤ ወረቀት ላይም ጻፍሁ። ችግሩ አልበሙን ስለማውቀው አንዳንዱን በጊታሩ መለየቴ አልቀረም፤ ቢሆንም በተቻለኝ መጠን ከበሮውን ብቻ ለመከተል ሞከርሁ።

«ሊቭ ባይ ዘ ሶርድ»ን ያለ ጥርጥር አገኘሁት። ነገር ግን በ1993 ባንዱን የለቀቀው ቢል ዋይማን እዚያ ላይ ቤዝ መጫወቱን ስለማውቅ፣ የለየሁት ቻርሊን ብቻ ነው ወይስ የሁለቱን የድሮ ጓደኝነት የሚለው አሁንም አልተመለሰልኝም። ሁለተኛው «የቻርሊ» ብዬ የጻፍሁት «ድራይቪንግ ሚ ቱ ሃርድ» ሆኖ ተገኘ፤ የመታው ጆርዳን ነው። የኪት ጊታር በድሮው መንገድ ሲንከባለል ስሰማ ከበሮውንም ለቻርሊ ሰጠሁት። ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን «ሜስ ኢት አፕ» ነው። ለጭፈራ የሚጋብዝና ንጹሕ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ያለ ማመንታት «ጆርዳን» ብዬ አስምሬበት ነበር። ወዳጄ እስካሁን እየሳቀ ነው።

ሁለትና አራት፦

አይፈሩ፤ በዚህ የሚሳሳቱት ብቻዎን አይደሉም። «ሜስ ኢት አፕ» የቻርሊ አይመስልም የምንለው ቻርሊን የምናስታውሰው ከግማሹ ስለሆነ ነው። በ1978 በወጣው «ሚስ ዩ» ላይ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ቤዝ ድራሙ፣ በአራቱም ምት ላይ ሲወድቅ፣ ሃይሃቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል፤ ያን ጊዜም «ስቶንስ ዲስኮ ገቡ» ብለው የተቆጡ የሮክ አድማጮች ነበሩ፤ ከበሮው ላይ የነበረው ግን ያው ሱፉን አሳምሮ የሚለብሰው ሰውዬ ነበር። «ሚስ ዩ»ን ያዳምጡና ወዲያው «ሜስ ኢት አፕ»ን ያስከትሉ። ወዳጅዎንም አጠገብዎ ያስቀምጡት፤ በዚህኛው ፈተና ጀርባውን የሚሰጠው እሱ ይሁን።