የበጋ ጎማ በዴንቨር ብርድ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ የገዛሁት ያገለገለ ስፖርት መኪና ለፍጥነትና ለሞቃት አስፋልት የተሠራ የበጋ ጎማ ተገጥሞለታል። የምኖረው ዴንቨር ሲሆን፣ በኖቬምበር ጠዋት መንገዱ ደረቅ ሆኖ እንኳ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተትብኛል። በረዶ እስኪጥል ድረስ በዚሁ ጎማ ብቆይ ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ በረዶው ሳይሆን የአየሩ ሙቀት ነው። የበጋ ጎማ ላስቲክ በሙቀት አስፋልቱን አጥብቆ እንዲይዝ የተቀመመ በመሆኑ፣ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም ከ45 ፋራናይት ገደማ በታች ሲወርድ እየጠጠረ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት ፍሬን ሲይዙ መኪናው የሚቆምበት ርቀት በደረቅ መንገድም ላይ ይረዝማል። ብርዱ ከ20 ፋራናይት ገደማ በታች ከወረደ ደግሞ፣ የጠጠረው ላስቲክ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ መኪናውን ከቆመበት ጨርሶ እንዳያንቀሳቅሱት የሚያስጠነቅቁ አምራቾች አሉ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር መሆኑ አያካክሰውም?

መልስ፦ አያካክሰውም። ለመነሳት ይረዳል እንጂ ፍሬን ሲያዝ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው አስፋልቱን የመያዝ አቅሙ ነው።

ሌላ መልስ፦ ለሙቀትና ለብርድ ወቅት ሁለት ዙር ጎማ መግዛት ካልፈለጉ፣ ጎኑ ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል ጎማ ይምረጡ፤ ጭቃና በረዶ ለማለት የሚጻፉት ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን በቂ አይደሉም። አራቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር የጎማው ንፋስ በ1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ስለሚወርድ፣ ጠዋት ከመንዳትዎ በፊት ቢለኩት መልካም ነው።