ካፕ አንሰን «የዘመኑ ሰው» ነበረ?

የኳስ ወዳጅ፦ ትናንት አንዱ ተነሥቶ «ካፕ አንሰን ከቤዝቦል የክብር አዳራሽ ይውጣ» ብሎ ጻፈ። ምን ጉድ ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ቤዝቦል 27 ዓመት የተጫወተ፣ ቡድኑን ቺካጎን አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የገባ ሰው ዛሬ ሊባረር? ከጥቁር ጋር አልጫወትም ማለቱን ማንም አልካደም። የዘመኑ ሰው ነበረ፤ በቃ።

ሰናይት፦ ጥቁሩ የቶሌዶ ቡድን ቀላቢ ፍሊት ዎከርስ የየትኛው ዘመን ሰው ነበረ? ነሐሴ 1883 ቶሌዶ ላይ አንሰን «ዎከር ከተሰለፈ ቡድኔ አይገባም» አለ። ዎከር እጁን ስለታመመ ሊያርፍ ነበር፤ የቶሌዶ አሰልጣኝ ቻርሊ ሞርተን ግን ይህን ሲሰማ እልህ ይዞት አሰለፈው። አንሰንስ? የመግቢያው ገንዘብ እንደሚቀርበት ሲያውቅ ገብቶ ተጫወተ! ሞርተንም እኮ «የዘመኑ ሰው» ነው።

የኳስ ወዳጅ፦ እህቴ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊግ አይዘጋም። ሐምሌ 1887 ኢንተርናሽናል ሊግ የተባለው ከዋናዎቹ ሊጎች በታች ያለ ሊግ የጥቁሮችን አዲስ ውል አላጸድቅም ያለው በክለቦቹ ድምፅ ነው። አንሰን በዚያ ሊግ ውስጥ እንኳ አልነበረም።

ሰናይት፦ ድምፁ በተሰጠበት በዚያው ዕለት ኒውአርክ ላይ የኒውአርኩ ጥቁር ወርዋሪ ጆርጅ ስቶቪ ከሜዳ የቀረው በማን እምቢታ ነው? ከአንሰን ቡድን ጋር ሊጫወቱ አልነበረም?

ቆጣሪው፦ እናንተ ተጨቃጨቁ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ አንሰን «3,000 ምት የሞላ የመጀመሪያው ሰው» የሚባለው ነው። በ1887 ሳይመቱ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ መሄድ እንደ ምት ተቆጥሯል። ናሽናል አሶሴሽን በተባለው የቀድሞ ሊግ ከ1871 እስከ 1875 የመታውንስ ደምራችሁ ነው ወይስ ቀንሳችሁ?

የኳስ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ያንን ለብቻው ክፈተው።

አባ ቀላቢ፦ ልጆች፣ ስለ ዎከር ጨዋታም አንድ ቃል ይነገር እንጂ። በ1884 የቶሌዶው ወርዋሪ ቶኒ ሙላን ከቀላቢዎች ሁሉ እርሱን የሚያህል አላየሁም ብሎ በኋላ መስክሯል። ዎከር ጥቁር ስለሆነ ግን ሙላን፣ ቀላቢው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር የሚያሳይበትን ምልክት እየናቀ ያሻውን ይወረውርበት ነበር። ወዴት እንደሚመጣ ያላወቁትን ኳስ፣ ያውም እንደዛሬው ጓንት በሌለበት ዘመን፣ ቅለቡ እስቲ! ታዲያ እጁ ባይታመም ነበር የሚገርመው።

የኳስ ወዳጅ፦ እንግዲያው ሙላንም ይባረራ! እርሱም የዘመኑ ሰው ነው።

ሰናይት፦ ከየት ነው የሚባረረው? ሙላን አዳራሹ ውስጥ የለም። ሳያጣሩ መከራከርም የዘመኑ ሰው ያሰኛል?

የኳስ ወዳጅ፦ ስድቡን ትተሽ መልስ ስጪ።

ቆጣሪው፦ የ1887ቱን ማንም አልመለሰልኝም።