ሪሉ ስጠቀልል ይከብዳል፣ ዓሣ ሲጎትተው ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍላይ ፊሺንግ (በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ) ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። ዘንጌ 9 ጫማ፣ 5 ቁጥር ነው (ቁጥሩ የሚወረውረው ክር ክብደት ነው)። ሪሉን፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበትን፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ «5/6» ስለሚል ይገጥማል ብዬ። አዲስ ክር ራሴ ጠቀለልኩበት። ችግሩ ይኸውላችሁ፦ እጀታውን ይዤ ስጠቀልል ይከብደኛል፣ ክሩን ከፊት ስስበው ደግሞ ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ትናንት ደህና ትራውት ያዘልኝና ሽቅብ ሮጠ፣ ሪሉ ከክሩ ፈጥኖ ዞረና ክሩ እዚያው ውስጥ ተጠላልፎ የድመት መጫወቻ መሰለ፣ ዓሣውም በጥሶ ሄደ። ፍሬኑን (ዓሣው ክሩን ሲጎትት ሪሉን የሚይዘውን) እስከ መጨረሻው አጠበቅኩት፣ መጠቅለሉ ብሶበት ቁጭ። ተበላሽቷል ማለት ነው? ጥዬው ፍሬኑ ድፍን የሆነ፣ ውኃና አሸዋ የማያስገባ፣ አዲስ ልግዛ?

ወንዝ ዳር፦
አረ እንዳትጥለው! ፍሬኑ ተገልብጦ ነው እንጂ ምንም አልሆነም። አንተ በግራ እጅህ ነው የምትጠቀልለው አይደል? የቀድሞው ባለቤት በቀኙ የሚጠቀልል ሰው ነበር ማለት ነው። የዲስክ ፍሬን ባላቸው ሪሎች ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ኩሽኔታ አለ፤ ወደ አንዱ ሲዞር በነፃ ይለቃል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ከፍሬኑ ጋር ይያያዛል። ያንተ ላይ የሚይዘው ስትጠቀልል ነው። ክሩ የተጠቀለለበትን ክፍል እንዳለ አውጣው፣ ኩሽኔታውን ንቀለው፣ ገልብጠህ መልሰው። ብዙዎቹ መፍቻ እንኳ አይፈልጉም። ቀጭ ቀጭ የሚለው የድሮ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚገለበጠው ትንሿ ጥርስ ናት። ክሩን መንካት የለብህም፣ ከሪሉ በታች በኩል የሚወጣ ከሆነ ጠቀላለልህ ልክ ነው።

አሮጌው ዘንግ፦
እኔ ደግሞ ስለ መግዛቱ ልናገር። ልጄ፣ በዚህ ዓይነት ማጥመድ የምትወረውረው የክሩን ክብደት ነው፣ ሪሉ ሲወረወር ምንም ሥራ የለውም። የ5 ቁጥር ክር የመጀመሪያው 9 ሜትር ገደማ 9 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ዘንግህን የሚያጎብጠው እሱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካለህ ጥሩ ክር ላይ አውለው። ትንንሽ ትራውት እኮ አብዛኛውን ጊዜ በሪል አይሳብም፣ በእጅ ነው የሚሰበሰበው። ከሮጠብህ ደግሞ መዳፍህን የሚዞረው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገህ አስደግፍ፤ ከዚህ የተሻለ ፍሬን እስካሁን አላየሁም። እጀታው ላይ ጣት እንዳታስገባ ብቻ፣ አውራ ጣቴ ምስክር ነው። ሪል ስትመርጥ ዘንጉ ላይ ግጠመውና የምትይዝበትን ቦታ በአንድ ጣት ደግፈው። ጫፉ ቁልቁል ካልሰገደ ይበቃሃል።

ጨው ውኃ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ሪል ክር ማስቀመጫ ነው» የሚለው ወሬ ባሕር ላይ አይሠራም። ቦንፊሽ የሚባለው የባሕር ዓሣ አንዴ ከተነሳ 100 ሜትር ክር ይዞ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ መዳፍ ምን ያደርጋል? የፍሬን ጥሩነት ደግሞ በጥንካሬው ብቻ አይለካም። ዓሣው ሲነሳ ሳይነክስ፣ ሳይዘል መልቀቅ አለበት፣ ቀጭኑ የጫፍ ክር የሚበጠሰው ሪሉ ለቅጽበት እምቢ ሲል ነው። የጫፍ ክሩ 2 ኪሎ የሚችል ከሆነ ፍሬኑ ግማሽ ኪሎ ገደማ ላይ እንዲለቅ አስተካክል፣ በእጅ ሚዛን ስቦ ማየት ነው። ጀማሪው ግን ወንዝ ላይ ነው ያለኸው፣ ስለዚህ ድፍን ፍሬን አሁን አያስቸኩልህም። ጨውና አሸዋ ካለበት ብቻ ነው የግድ የሚሆነው። ያኔም ቢሆን በየቀኑ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ በኃይል በሚረጭ ግን አይሆንም፣ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስታስቀምጠው ደግሞ ፍሬኑን ፈታ አድርገው። እኔ አጥብቄ ክረምቱን ሙሉ ረስቼው ሳወጣው ዲስኩ ተጣብቆ ነበር፣ ማን ላይ ልጮህ?

ጀማሪው፦
ገለበጥኩት!! አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አሁን ስጠቀልል ቅልል ይላል፣ ስስበው ይይዛል። አመሰግናለሁ ወንዝ ዳር፣ ጋሼም። አንድ ነገር ብቻ፦ ክሩ ሪሉን ግማሽ እንኳ አልሞላውም፣ ከሪሉ ላይ ስለቀው ደግሞ እንደ ጥምዝ ሽቦ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ባኪንግ (ከዋናው ክር ሥር የሚጠቀለል ቀጭን ክር) አላደረግሁም፣ ክሩን በቀጥታ ነው ያሰርኩት። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ወንዝ ዳር፦
አዎ፣ መሃሉ ጠባብ ስለሆነ ክሩ ትንሽ ክብ ላይ ነው የሚጠመዘዘው፣ ያንን ቅርጽ ይይዛል። በዚያ ላይ አንድ ዙር ብታዞር የምትሰበስበው ትንሽ ነው። ሰፊ መሃል ያላቸው ሪሎች የሚወደዱት ለዚህ ነው። 9 ኪሎ የሚችል ዳክሮን (የባኪንግ ክር ዓይነት ነው) ከሥሩ አስገባበት። ምን ያህል ይበቃል ብለህ እንዳትገምት፣ መጀመሪያ 27 ሜትሩን ዋና ክር ባዶ ሪል ላይ ጠቅልል፣ በላዩ ባኪንጉን እየጨመርክ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ሲቀር ቁረጥ፣ ከዚያ ሁሉንም አውጥተህ፣ ባኪንጉ ከሥር እንዲሆን ገልብጠህ አስገባ። ሰፊ ግቢ ወይም ሜዳ ላይ አድርገው፣ እኔ ሳሎን ውስጥ ሞክሬ ከሶፋው እግር ስፈታ ነው ያመሸሁት።