አኔስቴዥያ (ሰመመን መስጠት) ልማር ወይስ የአሜሪካውን ልሞክር?

የዘጌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ። ቀዶ ጥገና በተገባ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው በሽተኛው ራስጌ ወደሚቆመው ሰው ነው። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «አኔስቴዚዮሎጂስት አሲስታንት የሚባል ሙያ አለ፣ መጥተሽ ተማሪ» ትለኛለች። እዚህ አኔስቴዥያ ብማር ለዚያ ይሆነኛል? የምታውቁ ምከሩኝ።

አኔስቴቲስት ከጣና ዳር፦
እህቴ፣ የአሜሪካው አሲስታንት የሚሠራው በሰመመን ስፔሻሊስት ሐኪም ሥር ነው። እኛ ጋ ስፔሻሊስቱ ጥቂት ስለሆነ በብዙ ሆስፒታል ሰመመኑን የሚሰጠው አኔስቴቲስቱ ራሱ ነው። ሌሊት የሚጠራው ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

ደቅ ደሴት ላይ ምጥ ጠንቶባት በጀልባ የመጣች እናት አስቢ። ብዙ ጊዜ ለእንዲህ ያለችው ስፓይናል፣ ማለትም ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ፣ እንሰጣለን፤ ነቅታ የልጇን ለቅሶ ትሰማለች። ደም ብዙ ፈስሷት ከሆነ ግን ስፓይናሉ የደም ግፊቷን ይጥለዋል፣ ስለዚህ በሚያስተኛው መድኃኒት በኬታሚን ታስተኚያታለሽ። ያን ጊዜ ደግሞ የነፍሰ ጡር ሆድ ባዶ እንደማይሆን ቆጥረሽ፣ ወደ ሳንባዋ ትውከት እንዳይገባ የመተንፈሻ ቱቦውን ፈጥነሽ ማስገባት አለብሽ። ትውከትና ምራቅ መምጠጫው ሳክሽን ይስባል? ኦክስጅን አለ? ቱቦው ሲገባ ጉሮሮ የሚታይበት የላሪንጎስኮፑ መብራት ይበራል? መብራት ቢሄድ በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው አምቡ ባግ እጅሽ ሥር ነው? ይህ ሁሉ እሷ ጠረጴዛው ላይ ሳትወጣ የሚታይ ነው። እኔ ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ በሽተኛዬ ዓይኗን ገልጣ ስሟን ስትነግረኝ የሚሰማኝን ደስታ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ትምህርቱን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ነርስ በምን በኩል እንደሚገባ ሬጅስትራሩን ጠይቂ። ስትጨርሺ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ።

አትላንታ ነኝ፦
እዚህ ሙያው በ1969 እ.ኤ.አ. በኤሞሪና በኬዝ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎች ነው የተጀመረው። የመጀመሪያ ዲግሪ ከኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ ኮርሶች ጋር፣ ኤምካት ወይም ጂአርኢ የሚባል የመግቢያ ፈተና፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ማስተርስ፣ በመጨረሻ የብቃት ፈተና። የኢትዮጵያ አኔስቴቲስትነት ይህን አይተካም፣ ሙያው የሚፈቀደውም በአንዳንድ ስቴቶች ብቻ ነው። አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ሌላውን መንገድ አጥኚ፦ የነርስ ፈቃድ ፈተናውን ኤንክሌክስን አልፈሽ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሠርተሽ፣ ነርስ አኔስቴቲስት መማር። እሱ በሁሉም ስቴት ይሠራል፤ ከ2022 ወዲህ ግን አዲስ ተማሪ የሚገባው በዶክትሬት ደረጃ ነው።

የዘጌዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እኔን የሚያስፈራኝ የሕፃን ሰመመን ነው። እርስዎ እንዴት ነው የሚያደርጉት?

አኔስቴቲስት ከጣና ዳር፦
ልጁን ራሴ እመዝነዋለሁ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አላምንም። መድኃኒቱን በኪሎ አስልቼ፣ መጠኑን ሲሪንጁ ላይ ጽፌ፣ ለልጁ የሚሆነውን ቱቦ ከሚያንሰውና ከሚበልጠው ጋር አዘጋጅቼ ነው ልጁን የምጠራው። ኃላፊሽን አስፈቅጂና የሕፃናት ቀዶ ጥገና ባለበት ቀን ከአኔስቴቲስታችሁ ጋር ቀድመሽ ግቢ። ዝግጅቱን ከመጀመሪያው እይ።